በጥር የተቀበረው እንሰት

ጥር 1978 ዓ.ም. ነበር እላለሁ። ሰባ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ቢኖር ያን ዓመት ሮም ላይ በረዶ መጣሉ፣ በረዶውም የጣለው ከቁፋሮው በኋላ መሆኑ ነው። የዚያን ዘመን ጓደኞቼን ስጠይቅ አንዱ በረዶው የሰባ ሰባት ነው ይለኛል፣ ሌላው የሰባ ስምንት ነው ብሎ ይከራከራል፤ በሁለቱም ዓመት ጥሎ ይሆናል። እኔ ሰባ ስምንትን የያዝሁት አገር ቤት የመንደር ምሥረታው ወሬ ያኔ ገና ትኩስ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ጥር 1978 ልበል።

በዚያ ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ መጥረቢያ ይዘው ሙዚየሙ ግቢ ገቡና እዚያ የነበረውን አንድ ለእናቱ የሆነ እንሰት ከሥሩ ቆርጠው ጣሉት።

ሙዚየም ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ። ኤስኲሊኖ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መነኮሳት ድሮ ትምህርት ቤት አድርገውት የነበረ አሮጌ ቤት ነው። አባ ራፋኤሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጣልያናዊ ካህን ምድር ቤቱን ለምነው አግኝተው «የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ቤት» ብለው ሰየሙት። ከጥንት ጀምሮ ሮም ውስጥ የኖሩ ጥቁር ሰዎች፣ ተሳላሚ መነኮሳት፣ የጌቶች አሽከሮች፣ በጦርነት የመጡ ወታደሮች፣ የክህነት ተማሪዎች፣ ሥዕላቸውና ፎቶግራፋቸው፣ ጥቂት ዕቃቸውም ተሰብስቦ ነበር። አባ ራፋኤሌ ሠላሳ ዓመት ያህል ሐረርና አዲስ አበባ ኖረዋል፤ አማርኛቸው ውሃ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ጣልያንኛው ይቀድማቸዋል። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ ከየዕቃው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ በአማርኛና በጣልያንኛ እጽፍ ነበር።

ግቢውን በአገር ቤት ተክል የመሙላቱ ሐሳብ የካርላ ነው። ካርላ እናቷ የአዲስ አበባ ሰው፣ አባቷ ጣልያናዊ መካኒክ ናቸው። ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች፣ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ከአባቷ ጋር የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። ቀን ቀን የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፣ ሌላውን ጊዜዋን ሙዚየሙ ላይ ትጨቃጨቃለች።

«አንዲት ዘንባባ እንዳላይ!» አለች በመጀመሪያው ስብሰባ። «ጥቁር ሰው በተነሣበት ቦታ ሁሉ ዘንባባ ይተክሉብናል። እኔ በሕይወቴ ካዛንቺስ ውስጥ ዘንባባ አላየሁም። ሰው መስታወት ውስጥ ያለውን ሙት ነገር ከማየቱ በፊት፣ በር ላይ ሕይወት ያለው የራሳችን ነገር ይየው።»

ስለዚህ ጌሾ መጣ፣ ጤና አዳም መጣ፣ እንዶድ መጣ። ወይራም ተተከለ፤ አጥሩን የሚጠግነው ግንበኛ ቆም ብሎ አየውና «ይሄማ የኛ ነው» ብሎ ሳቀብን። ጌሾው ብዙ አልቆየም። አበሾች በሚሰባሰቡበት በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቡና ቤት ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ጠጅ የናፈቀው ሁሉ ሙዚየም ወዳጅ ሆነና፣ «ለመጎብኘት» እየመጣ ኪሱን በቅጠል ሞልቶ ይሄድ ጀመር። ካርላ ሽቦ አጠረችበት። እንግዲህ ለመክፈቻው፣ ለመስከረም ማለት ነው፣ የቀረው ዋናው ነገር እንሰቱ ነበር።

እንሰቱን የሰጠን ሞንቴ ማሪዮ ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ቤተሰብ ነው። እነሱ የሚያውቁት ለጌጥ ነው፤ «የአቢሲኒያ ሙዝ» ይሉታል፤ ሙዝ አለማፍራቱን እንደ ትንሽ ጉድለት ቆጥረውለት ነበር። ቁመቱ ከሰው በላይ፣ ቅጠሉ እንደ ጀልባ፣ አንገቱ ቀይ። በከባድ መኪና አምጥተን ከግቢው መካከል አቆምነው። ካርላ ግን አንድ አልበቃትም። ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ በረድፍ እንዲቆም ፈለገች። አባ ራፋኤሌ ጋሽ ብርሃነን ያስጠሩት ለዚህ ነበር።

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ የእምድብር ሰው ናቸው፣ ጉራጌ፣ ካቶሊክ። ያኔ ወደ ሃምሳው እየተጠጉ ነበር። በልጅነታቸው አጎታቸው አዲስ አበባ ወስዶ ሱቅ አስገባቸው፤ ከሱቁ ወደ ሚሲዮን ወጥ ቤት ሄዱ፤ በለውጡ ማግስት ደግሞ ወደ ሮም የሚመለሱ ካህናት ይዘዋቸው መጡ። ከዚያ ወዲህ ከኤስኲሊኖ ብዙም በማይርቅ አንድ የመነኮሳት ቤት ምግብ ያበስላሉ። የሚያድሩት ከወጥ ቤቱ በላይ፣ ከሁለት ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ጋር በአንድ ክፍል ነው። እምድብር ውስጥ ሚስት አላቸው፣ ለተ ማርያም የሚባሉ። ተጋብተው አብረው የኖሩት ዘመን ተለያይተው ከኖሩት ያንሳል። ልጅ የላቸውም። ስለ ሚስታቸው ሲያወሩ ሁልጊዜ ስለሚመጣው ጊዜ ነበር፤ «ለተ ስትመጣ እንዲህ እናደርጋለን፣ ለተ ስትመጣ እዚያ እወስዳታለሁ።» ለተን የሚያመጣ ሰው ግን ቤት ሊኖረው ይገባል። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሰጪዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ሙዚየሙ ደግሞ ቤት ነበረው። በሩ አጠገብ፣ ድሮ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይኖርበት የነበረ አንድ ክፍልና ትንሽ ማብሰያ፤ መስኮቱ ወደ ግቢው የሚከፈት። ፖርቲኔሪያ ይሉታል። ባዶውን ተቆልፎ ከርሟል።

«ብርሃነ፣ አንተ ጉራጌ ነህ አይደለም?» አሉ አባ ራፋኤሌ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆመን ሳለ።

«ነኝ አባ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ እንሰት ታውቃለህ።»

«ጉራጌ ሆኖ እንሰት የማያውቅ አለ?»

መልሱ «አዎ» አለመሆኑን ያኔ ልብ ያለ አልነበረም። እኔም አላልሁም።

«ከዚህ ከአንዱ ስንት ይወጣል?»

«ሃምሳም ይወጣል፣ መቶም ይወጣል። እንደ ጫጩት ነው የሚፈላው።»

አባ ራፋኤሌ ወደ ፖርቲኔሪያው አዩ። «እንግዲያው ግቢውን ያዝ። በመስከረም በሩ ላይ እንሰት ካሳየኸኝ ያ ቤት ያንተ ነው። ሚስትህንም አምጣ፤ ማመልከቻው ላይ እኔ እፈርማለሁ።»

ጋሽ ብርሃነ ጎንበስ ብለው የካህኑን እጅ ሳሙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው መጥረቢያውን ይዘው የመጡት።

እኔ በኋላ ደረስሁ። ካርላ ቀድማኝ ነበር። ጩኸቷን የሰማሁት ከመንገዱ ማዶ ነው።

«ገደልከው! ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? በእመቤቴ! አንድ ነበር እኮ ያለን!»

ጋሽ ብርሃነ ግንዱን ገፍተው ወደ ጎን አጋድመው፣ መሬት ውስጥ የቀረውን ወፍራም ሥር፣ አሚቾውን፣ እየፈለፈሉ ነበር። ላብ በአንገታቸው ይወርዳል።

«አልገደልኩትም። እንሰት የሚራባው እንዲህ ነው። እናትየው ካልተቆረጠች ልጅ አትሰጥም።»

«እናትየዋን ገድለህ ልጅ ትጠብቃለህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጩኸቱን ቀንሺና ያንን አካፋ አቀብይኝ።»

«አካፋ? ለቀብሩ ነው?»

«አዎ፣ ለቀብሩ ነው።»

አሚቾውን አወጡት። የእንስራ ያህላል። መካከሉን፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን ልቡን፣ በቢላዋ ቆፍረው ጣሉት። ከዚያ ሁለት ቦታ ሰነጠቁትና፣ ግማሹን አንድ ጉድጓድ፣ ግማሹን ሌላ ጉድጓድ አስገቡት። ካርላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሲጋራዋን እያጨሰች ታያቸዋለች።

«ቢያንስ ቆጮውን እንብላዋ» አለች ወደተጋደመው ግንድ እያመለከተች።

«መፋቅ የሴት ሥራ ነው።»

«እኔ ሴት አይደለሁም?»

«ትችያለሽ?»

«ጋሼ፣ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ቆጮ የማውቀው ከክትፎ ጎን ተቆርጦ ሲመጣ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ግንዱን ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ መኪና ወሰደው። አባ ራፋኤሌ ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ በጣልያንኛ ብቻ ተናገሩ፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ሲሉ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ሰውየው ጉራጌ ነው፣ ያውቃል» አሉ። እንሰት እሳቸውም ያዩት ከመኪና መስኮት ነው።

ፍግ ያስፈልጋል። የላም ፍግ ሮም መካከል ከየት ይመጣል? ጋሽ ብርሃነ ጠያይቀው ቴስታቾ አካባቢ ቱሪስት የሚያዞሩ ጋሪዎች የሚጎትቱ ፈረሶች ጋጣ አገኙ። የፈረስ ፍግ አገር ቤት ለእንሰት አይሆንም ይላሉ፤ ይሞቃል፤ ግን ሌላ የለም። በጆንያ ሞልተው በትራም አመጡት። ሁለተኛውን ዙር አብሬያቸው ሄድሁ። ትራሙ ጢም ብሎ ነበር፤ እኛ በገባን በሁለተኛው ፌርማታ ዙሪያችን ሰፊ ሜዳ ሆነ። አንዲት ባልቴት አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አሉኝ ጋሽ ብርሃነ፣ ጣልያንኛው በደንብ እየገባቸው።

«ምንም አላሉ።»

«ብለዋል። ልክ ናቸው» አሉና ጆንያውን በጉልበታቸው ጠበቅ አድርገው ያዙት።

በረዶው የጣለው ከዚህ በኋላ ነው። ከተማው ፀጥ አለ፤ አውቶቡስ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ልጅ ሆኖ አደባባይ ወጣ። እኔ ወደ ሙዚየሙ በእግሬ ሄድሁ። ጋሽ ብርሃነ ቀድመውኝ የወጥ ቤት ሽርጣቸውን ካፖርት ውስጥ እንደታጠቁ ግቢው መካከል ቆመዋል። ጤና አዳሙ ተኝቷል፤ እንዶዱ ጠቁሯል። መሬቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ከሁለቱ ጉድጓዶች በአንደኛው ላይ ብቻ በረዶው ቀልጦ የትሪ ያህል ጥቁር እርጥብ መሬት ይታያል። የፈረሱ ፍግ ነው ያቀለጠው። ሌላኛው ጉድጓድ እንደ ግቢው ነጭ ነበር።

«በጥር ነው የሚቀበር» አሉ ለራሳቸው። «አባቴ በጥር ነው የሚቀብረው።» ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ካፖርታቸውን አውልቀው ነጩን ጉድጓድ ሸፈኑበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነው። እምድብር ውስጥ ቢሆን ቡቃያው በሁለት ወይም በሦስት ወር ይታያል አሉ። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት ገባ። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቡና ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «ጋሽ ብርሃነ፣ ሟች እንዴት አደሩ?» የሚላቸው በዛ። «ተዝካሩ መቼ ነው?» የሚልም አለ። እሳቸው ማኪያቷቸውን ያዝዛሉ። ካርላ በጃንጥላዋ ጫፍ ጉድጓዱን ልትወጋ ስትል አንድ ቀን እጇን ያዟት። ሲቆጡ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች።

«አባትዎ ብዙ ይተክሉ ነበር?» አልኋቸው፤ ለጨዋታ ያህል ነው።

«ብዙ። እኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜም ይሆናል። ቢላዋውን ያዝልኝ ብሎኝ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ስንት ጊዜ እንደሚፈለፈል፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ… ያ ቀረ።»

«ታዲያ ለአባ ራፋኤሌ ለምን አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? ጉራጌ ነኝ ግን እንሰት አላውቅም ብዬ?» ፈገግ አሉ። «ለለተ መልእክት ልኬላታለሁ። እሷ ታውቃለች። ወደ እምድብር ለሄደች አንዲት ሲስተር ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ቤቱንም፣ እንሰቱንም። ደግሞ እንሰት የሴት ነው፤ ሚስት ሳትጠየቅ መቆረጥ አልነበረበትም። ቀድሜ ቆረጥኩ። ቸኮልኩ።»

አባ ራፋኤሌ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። ለመክፈቻው ግቢው ባዶ ሊሆን ነው። አትክልተኞች ጠርተው ቀይ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ በረድፍ ሊያስተክሉ፣ ፖርቲኔሪያውንም ለዚያ ሥራ ለሚቀጠር ሰው ሊሰጡ አሰቡ። ጋሽ ብርሃነን አስጠሯቸው፤ እኔና ካርላም ነበርን።

«እስከ ፋሲካ» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ይቆፈራል።»

ለፋሲካ የቀረው ሳምንት አይሞላም ነበር። ጋሽ ብርሃነ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «አባ፣ የኛን ፋሲካ ያድርጉልኝ» አሉ።

«የናንተ መቼ ነው?»

ካርላ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «በዚህ ዓመት ከአንድ ወር በላይ ይዘገያል፣ አባ። ጋሼ ነጋዴ ነው፤ በፋሲካም ይከራከራል!»

«ካቶሊክ አይደለህም እንዴ፣ ብርሃነ?»

«ነኝ አባ። ግን እንሰቱ ያገሩን ነው የሚያውቀው።»

አባ ራፋኤሌ ለመቆጣት አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ሁለት ጊዜ ጾሜ ሁለት ጊዜ ፈስኬያለሁ» አሉ። «ይሁን። የናንተ ፋሲካ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀን የለም።»

ያ ወር ሞቀ። የአገር ቤት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካርላ ስልክ ደወለችልኝ። «ና» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስደርስ በሥራ ልብሷ፣ በተረከዘ ረጅም ጫማዋ፣ መሬት ላይ ተንበርክካለች። በረዶው ቀልጦበት ከነበረው ጉድጓድ አፈሩን ሰንጥቀው ሦስት ቀይ ጫፎች ወጥተዋል፤ የእርሳስ ውፍረት አላቸው። ጋሽ ብርሃነ ከላይ ቆመዋል።

«ሃምሳ ብለህ ነበር» አለች ካርላ ሳትነሣ።

«ሦስት ነው።»

«በመስከረም ቁመታቸው ስንት ይሆናል?»

«እስከ ጉልበትሽ።»

«ለአሻንጉሊት ሙዚየም ይሆናል» አለችና ዓይኗን ጠረገች፤ ጭቃ ፊቷ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሁለተኛው ጉድጓድ ተቆፈረ። በስብሷል፤ ሽታው ከግቢ አስወጣን። ከአንዱ እንሰት ሦስት ብቻ ተረፉ። ካርላ ለበሩ ያሰበችው ረድፍ አልሆነም፤ የሞንቴ ማሪዮው ትልቁ ተክልም የለም። አባ ራፋኤሌ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። «እንሰት አሳየኝ አልኩ እንጂ ስንት ነው አላልኩም» ብለው የፖርቲኔሪያውን ቁልፍ ሰጧቸው።

የዚያን ግንቦት ጋሽ ብርሃነን ላያቸው ሌላ ሰው ነበሩ። ከወጥ ቤት ሥራቸው ሲወጡ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይመጣሉ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ከኤስኲሊኖ ገበያ አሮጌ የሁለት ሰው አልጋ ገዝተው፣ እግሩን እኔ፣ ራስጌውን እሳቸው ይዘን በመንገዱ ላይ ስንሄድ ሻጮቹ «ሙሽራው!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። ካርላ መጋረጃ ሰፋች። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ «ለተ ስትመጣ ታቃናዋለች» አሉ። አባ ራፋኤሌ ማመልከቻውን ፈረሙ። ጋሽ ብርሃነም ሦስት እንሰት መብቀሉን፣ ቤቱም መገኘቱን ነግረው ነይ ሲሉ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ለለተ ላኩ።

በሰኔ አጋማሽ አባ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ ወጣት ካህን ለትምህርት ከአገር ቤት መጡ። እምድብርን አልፈው ነው የመጡት፤ ለጋሽ ብርሃነ መልእክት አላቸው። በራፉ ላይ ወንበር አወጣን። ካህኑ ገና የሮምን ሙቀት አልለመዱትም፤ ውሃ ደጋግመው ጠጡ።

«ደኅና ናቸው?» አሉ ጋሽ ብርሃነ።

«ደኅና ናቸው። ጠንካራ ናቸው። ልንገርዎ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ነው የምናገረው፤ ቃል አትቀንስ ብለውኛል።»

«ይንገሩኝ፣ አባ።»

«መጀመሪያ ስለ እንሰቱ ነው። እንዲህ ነው ያሉት፤ ‹በጥር ቆርጦ በረዶ ውስጥ ቀበረው? ጥር የኛ ጥር ነው። የነሱን ጥር ማን አመነ? እሱ ድሮም አባቱ ሲተክል ቢላዋ ይዞ የሚያንቀላፋ ነበር።›»

ካርላ በሳቅ ወንበሯን ልትገለብጥ ደረሰች። ጋሽ ብርሃነም ሳቁ፤ ትከሻቸው ሁሉ ሳቀ። «እሷ ናት» አሉ። «ቃሏ ነው። እሺ፣ ከዚያስ?»

ካህኑ ውሃቸውን አስቀመጡ።

«አሁን መንደር ተመሥርቷል፤ ያውቃሉ። ቤታቸው ፈርሶ እንጨቱን ወደ ሜዳው ወስደውታል። ቆርቆሮው በረድፍ፣ እንደ ሰልፍ። እንሰቱ ግን የቀድሞው ቦታ ነው ያለ። ጠዋት ሄደው ከሰዓት ይመለሳሉ፤ ያርማሉ፣ ያዛውራሉ። ብዙ ሰው ትቶታል። የተዉትን አውሬ በላው፣ ፍልፈል ገባበት። እሳቸው አልተዉም። እና እንዲህ አሉ፤ ‹ቤቴን ወሰዱት፣ እንሰቴን አልወሰዱትም። እሱ ሦስት እንሰት አበቀልኩ ብሎ ለሦስት እንሰት ነይ ይለኛል። እኔ እዚህ ያለኝን ማን ይጠብቅልኝ? የአማቴ እጅ የተከለው እኮ ነው፣ የአባቱ። ቤት ስላገኘ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን አልመጣም።›»

ከገበያው በኩል የጋሪ ጎማ ድምፅ ይሰማል። ካርላ ሲጋራ አውጥታ ሳትለኩሰው ያዘችው።

«አልመጣም ነው ያለችው?»

«አዎ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ እንዳልሳሳት።»

ጋሽ ብርሃነ ከዚያ የጠየቁት ስለ ሌላ ነገር ነው። «ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት አሁን? ከታችኛው ወንዝ ነው?»

«ከታችኛው ነው። መንገዱ ርቋል።»

«ዳገቱን ይዛ?»

«ዳገቱን ይዘው።»

«እሺ» አሉ። ለካህኑ ተጨማሪ ውሃ ለማምጣት ተነሥተው ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ካርላ ተከትላቸው ልትገባ ስትል እጇን ያዝኋት።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያደሩ አይመስለኝም። ሁለቱ ፊሊፒናውያን እንዳሉኝ ከወጥ ቤቱ በላይ ወደነበረው አልጋቸው ተመለሱ። ግቢውን ግን አልተዉም፤ ጠዋት እየመጡ ያጠጣሉ፣ ያርማሉ። ሦስቱ እንሰቶች ቅጠል ዘረጉ። ካርላ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ይላክባት፤ እኔ ራሴ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፤ ሮም እንዴት እንደሆነች ታውቅ እንደሆነ…» ብላ ጀመረች።

«አታውቅም» አሉ። «ብታውቅም ያው ነው።»

ሐምሌ ውስጥ ጋሽ ብርሃነ ኤምባሲ ሲመላለሱ ያዩ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኤምባሲ የሚመላለስ ሰው ይወራበታል፤ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቡና ቤት ውስጥ ወሬው ሲጀመር አንዳንዱ ወንበሩን ራቅ አደረገ። ፓስፖርታቸውን ሊያሳድሱ ነበር። እኔ ሰምቼ አላመንሁም። ያን ጊዜ ሁሉም ይወጣ ነበር እንጂ የሚገባ ሰው አናውቅም ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ካርላ እንደገና ደወለችልኝ። የጋሽ ብርሃነን የአገር ቤት ትኬት የቆረጠችው እሷ ናት፤ አፏን ይዛ ነበር የከረመችው፣ እሳቸው አስምለዋት። «አሁን ከጣቢያው አውቶቡሱ ሊነሣ ነው» አለች። «እኔ ቢሮ ነኝ፣ መውጣት አልችልም። አንተ ሂድ።»

ሮጥሁ። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጎን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደው አውቶቡስ ከሚቆምበት፣ ጋሽ ብርሃነን አገኘኋቸው። በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ አጥቶ ነው አሉ። ካፖርቱ ላይ የቀረ የአፈር ምልክት ነበር፤ ከክራቫታቸው ጋር አይሄድም።

«ጋሽ ብርሃነ፣ እንዴት ሳይነግሩን?»

«ብነግራችሁ ትከራከሩኝ ነበር። ክርክር ለእናንተ ነው፤ የተማራችሁ ናችሁ።» ሳቁ። «አባ ራፋኤሌን ግን ተሰናብቻለሁ። ቁልፉን ሰጥቻለሁ።»

«ኤምባሲው ምን አለ?»

«ምን ይላል? ለሚወጣ ነው የሚጠይቁት። ለሚገባ አይጠይቁም።»

ሻንጣቸውን ከአውቶቡሱ ሆድ አስገባንላቸው። ሰው ይገፋፋል፤ አንድ ቤተሰብ ሕፃን ተሸክሞ በመካከላችን አለፈ። ጋሽ ብርሃነ ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ሳሙና ወደ በሩ ሄዱ። ደረጃውን ሲረግጡ ነው አንድ ጥያቄ ድንገት የመጣብኝ። አባ ገብረ ኢየሱስ መልእክቱን ካደረሱ ወዲህ ወደ እምድብር የተላከ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ለተ ማርያም አልመጣም አሉ እንጂ ና አላሉም። ጋሽ ብርሃነ እየመጡ መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ ወይ? ወደ አዲሱ መንደር ነው የሚሄዱት፣ ወይስ ወደ እንሰቱ ቦታ? ማንንስ ጠይቀው ነው የሚያገኟቸው?

«ጋሽ ብርሃነ!» አልሁ።

ዞረው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አደረጉ። ሾፌሩ በሩን ዘጋ።